የአንድ መንገድ ሁለት ቤተ መዘክሮች

ለመሆኑ የፍልሰትና የሰፈራ ታሪክ በቤተ መዘክር ሲቀመጥ ተራኪው ማን ሊሆን ይገባዋል? ተጉዞ የደረሰው ነው ወይስ መጤው ሲደርስ በስፍራው የነበረው? ጥያቄው የቅርስ ጠባቂዎች የሙያ ጉዳይ ብቻ መስሎ ቢታይም በመሠረቱ የፍትሕ ጥያቄ ነው።

ለምሳሌ ያህል አስቀድመን የሩቁን እንመልከት። በ19ኛው መቶ ዘመን አጋማሽ በመቶ ሺሕ የሚቆጠሩ አሜሪካውያን ከሚዙሪ ወንዝ እስከ ኦሪገን 3,200 ኪሎ ሜትር ያህል በሚረዝም ጎዳና፣ በበሬ በሚጎተት ሠረገላ ወደ ምዕራብ ተጉዘዋል። በኦሪገን፣ በቤከር ሲቲ አቅራቢያ እ.ኤ.አ. በ1992 የተከፈተው ቤተ መዘክር በዋናነት የእነዚህን ተጓዦች ድካምና ተስፋ ይተርካል። ጎብኚው ይደነቃል፤ መደነቁም ተገቢ ነው። በዚያው ጎዳና ላይ ግን እ.ኤ.አ. በ1998 ታማስትስሊክት የተባለ ሌላ ቤተ መዘክር ተከፈተ። ባለቤቶቹ የካዩስ፣ የኡማቲላና የዋላ ዋላ ነገዶች ናቸው። በዚህኛው ቤት ሠረገላው የሚሄድ ሳይሆን የሚመጣ ነው። ተጓዡ አዲስ አገር ያለው ምድር፣ ለእነርሱ እ.ኤ.አ. በ1855 በተፈረመ ውል አብዛኛው ከእጃቸው የወጣ የአባቶቻቸው ርስት ነው። መንገዱ አንድ ሲሆን ትዝታው ሁለት ሆኗል።

ከዚህ ተነሥተን የራሳችንን መንገድ እንመርምር። ጫጫ ከአዲስ አበባ ወደ ደብረ ብርሃን በሚወስደው አውራ ጎዳና ላይ የምትገኝ የመንገድ ከተማ ናት። ዳግማዊ ምኒልክ በ1836 ዓ.ም. የተወለዱባት አንጎለላ ጎረቤቷ ናት፤ በእርሳቸውም ዘመን ከዚህ ደጋ የተነሣ ጦርና ሰፋሪ ወደ ደቡብና ወደ ምዕራብ ወርዷል። ይሁን እንጂ የምዕራቡ ጉዞ እጅግ መራራው ምዕራፍ የተጻፈው በ1977 እና በ1978 ዓ.ም. ነው። ረኃብ ወሎን፣ ትግራይንና ሰሜን ሸዋን በመታበት በዚያ ወቅት መንግሥት 600,000 ያህል ሰዎችን ወደ መተከል፣ ወደ ወለጋ፣ ወደ ኢሉባቦር፣ ወደ ከፋና ወደ ጋምቤላ አጓጓዘ። ከፊሉ ረኃብ ገፍቶት ወዶ ሄደ፤ ሌላው ተገዶ ተጫነ። ባልና ሚስት፣ እናትና ልጅ ተለያዩ። የወባን በሽታ የማያውቀው ደገኛ በቆላው ንዳድ ወደቀ። እነዚህ ሰዎች አገር ሊያቀኑ የዘመቱ ድል አድራጊዎች አልነበሩም።

የደረሱበት ምድርም ባዶ አልነበረም። በበለስ ሸለቆ፣ በፓዌ፣ ደኑ ሲመነጠር በዕቅድ አውጪው ዓይን ጠፍ መሬት የነበረው ለጉሙዝ ሕዝብ እያፈራረቀ የሚያርሰው እርሻ፣ የሚያድንበት ዱር፣ ማር የሚቆርጥበት ጫካ ነበር። በጋምቤላም የአኙዋክ ሕዝብ ሳይጠየቅ የእንግዳ አስተናጋጅ ሆነ።

«የወጋ ቢረሳ የተወጋ አይረሳም» ይላል አበው። በዚህ ጉዳይ ግን ምሳሌው ለብቻው አይበቃንም፤ ሰፋሪው ራሱ የተወጋ ነበርና። የሞራሉ ጥያቄ የሚከብደው እዚህ ላይ ነው። ሰው ተበዳይ ሆኖ ሳለ፣ ሳያውቅና ሳይወድ፣ ለሌላው መበደል ምክንያት ሊሆን ይችላል። የአንዱ መበደል የሌላውን አይሰርዝም።

ይህን ሐቅ መናገር ቂም ይቀሰቅሳል የሚሉ አሉ። ሥጋታቸው ከንቱ አይደለም። ከ2012 ዓ.ም. ማብቂያ ጀምሮ በመተከልና በወለጋ ብዙ አማሮች ተገድለዋል፤ በመተከል ጉሙዞችም ሞተዋል። በሺሕ የሚቆጠሩ ተፈናቃዮች ከምዕራብ ተነሥተው በደብረ ብርሃን መጠለያዎች አርፈዋል፤ ከመካከላቸውም የሰፋሪ ልጆችና የልጅ ልጆች ነበሩ። አያት ተጭኖ የሄደበትን አቅጣጫ የልጅ ልጅ ሸሽቶ ተመለሰበት። በዚያ ምድር የተወለደ ሕፃን የማንም ባለዕዳ አልነበረም፤ በደል እንደ ርስት አይወረስምና። የጥንቱን ቅሬታ ለዛሬ ግድያ ማመካኛ የሚያደርግ ሁሉ ፍርድን ከበቀል ጋር ያምታታል። ነገር ግን ዝምታም አላዳነንም። በየጎጆው ለብቻው የተተረከ ሐዘን ክስ ይሆናል፤ መላሽ ያጣ ክስም መሣሪያ ያነሣል።

እንግዲያው በዚህ አውራ ጎዳና ዳር የሰፈራ ቤተ መዘክር የሚቆም ቢሆን የሰፋሪው ቁምጣና የጉሙዙ የማር ቀፎ ጎን ለጎን ይቀመጡ፤ የሞቱት ይታሰቡ፤ ያዘዘውም አካል ትእዛዙ ከነቀኑ ይጻፍ። እስከዚያው ድረስ መምህሩ ተማሪውን «ከመምጣታችሁ በፊት ማን ነበር? ስትመጡስ ማን ላካችሁ?» የሚሉትን ሁለት ጥያቄዎች አብሮ ያስተምረው። ደራሲውና ሠዓሊውም አንዱን ሐዘን ሲያነሡ ሌላውን አይሸፍኑ። የሁለቱ ወገን ልጆች አብረው ገብተው፣ ሳይፋጠጡ የሚወጡበት ቤት ሲሠራ ያን ጊዜ መታሰቢያ አቆምን ማለት እንችላለን።