ጥቂት ኃይል ያላት ቤተ ክርስቲያን

በስመ አብ ወወልድ ወመንፈስ ቅዱስ አሐዱ አምላክ አሜን።

ባለፈው ክረምት ከአንዲት የገጠር አጥቢያ ሦስት ሽማግሌዎች ወደ እኛ መጥተው ነበር። በአጥቢያቸው የቀሩት አገልጋዮች አንድ አረጋዊ ቄስና አንድ ዲያቆን ብቻ ናቸው። ለቅዳሴ ሁለት ቀሳውስትና ሦስት ዲያቆናት እንደሚያስፈልጉ የታወቀ ነውና፣ በዚያች ቤተ ክርስቲያን ቅዳሴው ከተቋረጠ ቆይቷል። ወጣቱ ወደ ከተማ ፈልሷል። ከምእመናኑም አንዳንዶቹ፥ «ታቦቱ ወደ ትልቁ ደብር ይሂድና እኛም ወደዚያው እንጠቃለል» ማለት ጀምረዋል። ሽማግሌዎቹ ይህን ከነገሩን በኋላ፥ «አባታችን፣ ለመሆኑ እግዚአብሔር ይህችን የምታህል ማኅበር ይፈልጋታልን?» ብለው ጠየቁን። ያን ዕለት የሰጠናቸው መልስ አጭር ነበረ። አሁን ግን የፊልድልፍያን ቤተ ክርስቲያን ታሪክ አንሥተን በሰፊው ልንመልስላቸው ወደድን። ዘመኖቹን የምንጽፈው እንደ ኤውሮጳውያን አቆጣጠር ነው።

ቅዱስ ዮሐንስ በፍጥሞ ደሴት ሳለ ለሰባቱ አብያተ ክርስቲያናት እንዲጽፍ ከታዘዘው መልእክት ስድስተኛው ለፊልድልፍያ የተላከ ነው (ራእ. 3፥7-13)። ከሰባቱ መካከል ነቀፋ ያልተጻፈባቸው ሰምርኔስና ፊልድልፍያ ብቻ ናቸው፤ አንዲቱ ድኻ፣ ሁለተኛይቱ ደካማ ነበረች። ባለጠጋ ነኝ ትል የነበረችው ሎዶቅያ ግን የተነገረባትን ሁላችንም እናውቃለን። ጌታ የፊልድልፍያን ኃይል ጥቂትነት ሳይሸሽግ ተናገረ። ነገር ግን ያንኑ ከነቀፋ አልቈጠረባትም፤ ቃሉን ስለ ጠበቀችና ስሙን ስላልካደች ማንም ሊዘጋው የማይችል የተከፈተ በር ሰጣት እንጂ።

ከተማይቱ በልድያ አገር ከሰርዴስ በስተ ምሥራቅ የምትገኝ ናት። ስሟ ወንድምን መውደድ ማለት ሲሆን፣ የጴርጋሞን ንጉሥ ዳግማዊ አጣሎስ ወንድሙን ኤውሜኔስን እጅግ በመውደዱ ወንድሙን የሚወድ ተብሎ ነበርና ከዚያ የተገኘ ነው። አፈሩ ከእሳተ ገሞራ የወጣ ስለሆነ ለወይን ይስማማል፤ ምድሩ ግን አይጸናም። በ17 ዓመተ ምሕረት የልድያን ከተሞች የመታው ታላቅ የምድር መናወጥ እርሷንም ጐድቷታል። የምድርን ነገር የጻፈው ስትራቦን እንደሚመሰክረው፣ የቤቶቹ ግድግዳ ዘወትር ይሰነጠቅ ስለነበረ ብዙው ሰው ከቅጥሩ ውጭ በእርሻው ላይ መኖርን መርጧል። እንግዲህ ቤት በተናወጠ ቍጥር ወደ ሜዳ መውጣት ለለመደ ሕዝብ፣ ድል የነሣው በአምላክ መቅደስ ዓምድ እንደሚሆንና ከዚያም ወደ ውጭ ከቶ እንደማይወጣ ሲነገረው እንዴት ያለ መጽናናት እንደሆነለት አስቡት።

ከዮሐንስ በኋላ ብዙም ሳይቆይ ምጥው ለአንበሳ የሚባለው ቅዱስ አግናጥዮስ ታስሮ ከአንጾኪያ ወደ ሮሜ ሲወሰድ በፊልድልፍያ አለፈ። ከጢሮአዳም ሆኖ መልእክት ጻፈላቸው። ከመልእክቱ እንደምንረዳው በማኅበሩ መካከል መለያየት ገብቶ ነበር፤ ትንሽ መሆን ብቻውን ከጠብ አያድንምና። አግናጥዮስ በአንድ መሠዊያና በአንድ ኤጲስ ቆጶስ ዙሪያ እንዲሰበሰቡ ለመናቸው፤ ኤጲስ ቆጶሳቸውንም ስለ ዝምታው አመሰገነው። በዘመናችን የሚናገር እንጂ ዝም የሚል አባት ሲመሰገን አንሰማም። ቅዱስ ፖሊካርፖስ በሰምርኔስ በእሳት በተፈተነ ጊዜም ከፊልድልፍያ የመጡ ሰማዕታት ከፊቱ ቀድመው ደማቸውን አፍስሰዋል፤ እርሱ ከእነርሱ ጋር ተቈጥሮ አሥራ ሁለተኛ ሆነ።

ከዚህ ሁሉ ይልቅ ግን ለሽማግሌዎቻችን ልንነግራቸው የምንወደው በ431 ዓመተ ምሕረት በኤፌሶን የሆነውን ነው። በዚያ ጉባኤ ቅዱስ ቄርሎስ በንስጥሮስ ላይ እንደተነሣ የማያውቅ የለም። ካሪስዮስን ግን ስንቶቻችን እናውቀዋለን? ካሪስዮስ የፊልድልፍያ ቄስና መጋቢ ነበረ። በልድያ ከቤተ ክርስቲያን ተለይተው ይኖሩ የነበሩ ሰዎች ወደ አንድነት ሊመለሱ በፈለጉ ጊዜ፣ ከቊስጥንጥንያ የድጋፍ ደብዳቤ የያዘ አንድ ካህን መጣ፤ በኒቅያ ሃይማኖት ፈንታም የንስጥሮስ ትምህርት ያለበትን ሌላ የሃይማኖት ጽሑፍ አቅርቦ አስፈረማቸው። ፊደል የማያውቁት እንኳ በሌላ ሰው እጅ ፈረሙ፤ ምን ላይ እንደ ፈረሙ ያወቁት ጥቂቶች ሳይሆኑ አይቀሩም። ካሪስዮስ አልቀበልም ቢል እንደ መናፍቅ ተቈጥሮ ከቊርባን ተከለከለ።

የንጉሡ ከተማ ማኅተም ያለው ደብዳቤ መጥቶ፣ ሌሎቹም ፈርመው ሳለ፣ የአንዲት ትንሽ ከተማ መጋቢ ምን ማድረግ ይችላል? ካሪስዮስ ያን ጽሑፍ ከነፊርማዎቹ ይዞ ወደ ኤፌሶን ሄደና በአባቶች ፊት አቀረበው። ጉባኤውም ጽሑፉን አስነብቦ፣ አባቶች በኒቅያ ከወሰኑት ሃይማኖት ሌላ ማንም እንዳያዘጋጅና እንዳያቀርብ በሥርዓት ደነገገ። አባቶቻችን በ451 የኬልቄዶንን ጉባኤ ሲቃወሙ አጥብቀው የያዙት አንዱ ይህ ድንጋጌ ነው። የፊልድልፍያ ሰዎች በዚያ ጊዜ ከእኛ መለየታቸው ያሳዝነናል፤ ቢሆንም ከዚያ በፊት ያደረጉልንን አንዘነጋም። ዛሬ በየአጥቢያችን ጸሎተ ሃይማኖት ሲደገም ያንን ሃይማኖት በድንጋጌ ካጠሩልን መካከል የዚህ መጋቢ እጅ አለበት።

ከዚያ በኋላ ያለውን ባጭሩ እናልፋለን። በዙሪያዋ ያለው አገር ሁሉ በቱርኮች ሲያዝ ፊልድልፍያ ብቻዋን እንደ ደሴት ቀርታ እስከ 1390 ቆየች። በዚያ ዓመት ሡልጣን ባያዚድ ያዛት፤ ከቊስጥንጥንያ ንጉሣዊ ቤት የተወለዱት እንኳ ከከባቢዎቹ ጋር እንዲሰለፉ ተገደዱ። የክርስቲያኖቹ ማኅበር ግን አልጠፋም። በ1922 የግሪክ ሠራዊት ሲሸሽ ከተማይቱን አቃጠላት፤ በ1923 በሎዛን በተደረገው የሕዝብ ልውውጥ ስምምነትም የግሪክ ክርስቲያኖች መመለሻ አጡ። ዛሬ ከተማይቱ አላሼሒር ትባላለች፤ በቅዱስ ዮሐንስ ስም ከተሠራው ቤተ ክርስቲያን የቀሩት ጥቂት ግዙፍ ዓምዶች በመካከልዋ ቆመዋል።

እንግዲህ አንባቢ፥ «በሩን ማንም አይዘጋውም ከተባለ ማን ዘጋው?» ማለቱ አይቀርም። አንዳንድ ተጓዦች እነዚያን ዓምዶች እያሳዩ ተስፋው በድንጋይ ተፈጽሟል ይላሉ። ይህ ለእኛ አይመስለንም። ዓምድ ይሆናል የተባለው ድል የነሣው ሰው ነው፤ የጡብ ዓምድ ደግሞ ይዋል ይደር እንጂ ይወድቃል። የተከፈተውም በር የከተማ በር ቢሆን ኖሮ በ1390 በተዘጋ ነበር። ጌታ ያመሰገናት ቃሉን በመጠበቋ ነውና፣ የጠበቀችው ቃል በሌላ አገር፣ በሌላ ቋንቋ፣ ካሪስዮስ ስሙን እንኳ ባልሰማው ሕዝብ አፍ ሲደገም እንሰማለን። ይህን ስንል ግን ያለ ማልቀስ አይደለም። መብራት የጠፋበት መቅደስ ምንጊዜም ኀዘን ነው፤ በቸልታችን ከጠፋማ የሚጠየቅበት አለ።

ስለዚህ ለሽማግሌዎቹ ታቦቱን አታንሡ አልናቸው። ትልልቆቹ ደብሮች በአንድ እሑድ ካህናት ተርፈዋቸው ወንበር ሲሻሙ፣ ወንዝ ማዶ ያለችው ቤተ ክርስቲያን በሁለት ዲያቆናት ማነስ መዘጋቷ የእርሷ ድክመት አይደለምና፣ ይህን ለጎረቤት ደብር አለቃ ሳንሸሽግ ጻፍንላቸው። ከኅዳር ወዲህ በወር አንድ እሑድ አንድ ቄስና ሁለት ዲያቆናት ወንዙን እየተሻገሩ ከአረጋዊው ቄስና ከዲያቆናቸው ጋር አምስት ሆነው ይቀድሳሉ። ክረምት ሲገባ ወንዙ ስለሚሞላ ምን እንደሚደረግ ገና አልተወሰነም፤ ሽማግሌዎቹ ግን ከሰፈራቸው ሁለት ልጆች ዳዊት እንዲደግሙ ለአረጋዊው ቄስ ሰጥተዋል።