ስለ እግዚአብሔር ፍርድና ስለ ዳዊት ንስሐ

መዝሙረ ዳዊት በቤተ ክርስቲያናችን ከመጻሕፍት ሁሉ ይልቅ በአፍ የሚኖር መጽሐፍ ነው። ሕፃኑ ፊደል ቈጥሮ ንባብ ከለመደ በኋላ ዳዊት ይደግማል፤ ዲያቆኑ ከወንጌል በፊት ምስባኩን ከዚሁ መጽሐፍ አውጥቶ ያዜማል፤ ሽማግሌውና ባልቴቲቱ መዝሙሩን በሰባቱ ዕለታት ከፍለው ሳምንታቸውን በእርሱ ይፈጽማሉ። ነገር ግን አፍ የለመደውን ልብ ሳይመረምረው የሚያልፍበት ጊዜ ብዙ ነው። ስለዚህ ዳዊት የሚደግም ሰው ሁሉ ሊጠይቀው የሚገባውን አንድ ጥያቄ አንሥተን፣ መልሱን ከራሱ ከመዝሙሩና ከንጉሡ ታሪክ ለመፈለግ አስበናል።

ጥያቄው ይህ ነው። ዳዊት በ7ኛው መዝሙር እግዚአብሔር ለፍርድ እንዲነሣ፣ እንደ ጽድቁም እንዲፈርድለት ይለምናል። በ142ኛው መዝሙር ደግሞ በአምላክ ፊት ንጹሕ ሆኖ የሚገኝ ሰው እንደሌለ ተናግሮ፣ ከባሪያው ጋር ወደ ሙግት እንዳይገባ ይማጸናል። አንዱ አፍ ፍርድን ይጠራል፤ ያው አፍ ከፍርድ ይሸሻል። ታዲያ ዳዊት ለጠላቶቹ ፍርድን፣ ለራሱ ምሕረትን የሚሻ አድላዊ ሰው ነበርን? ወይስ ፍርድና ምሕረት በእግዚአብሔር ዘንድ እኛ እንደምናስበው የተለያዩ አይደሉም? ይህ የሊቃውንት ክርክር ብቻ አይደለም። የበደለውም የተበደለውም ይህንኑ መጽሐፍ ይዘው በአንድ ቅጽር ውስጥ ቆመው ይጸልያሉ። እግዚአብሔር በዳዩን ይቅር ባለ ጊዜ የተበዳዩ እንባ ወዴት ይሄዳል?

ይህን ጥያቄ ከሁሉ ይልቅ ገልጦ የሚያሳየን 50ኛው መዝሙር ነው። ይህም መዝሙር ነቢዩ ናታን ወደ ዳዊት በመጣ ጊዜ እንደ ተጸለየ በርእሱ ተመልክቷል፤ ታሪኩም በሁለተኛው መጽሐፈ ሳሙኤል በ11ኛውና በ12ኛው ምዕራፍ ይገኛል። ሠራዊቱ የአሞንን ልጆች ሊወጋ በዘመተ ጊዜ ንጉሡ በኢየሩሳሌም ቀረ። የኬጢያዊውን የኦርዮን ሚስት ቤርሳቤህን አይቶ ተመኘ፤ ወሰዳትም። እርስዋ በፀነሰች ጊዜ ነገሩን ለመሸፈን ኦርዮን ከጦር ሜዳ አስጠርቶ ወደ ቤቱ እንዲወርድ አግባባው። ኦርዮ ግን ታቦቱና ጓደኞቹ በሜዳ ሳሉ በቤቱ ተደላድሎ መተኛትን እንደ ነውር ቈጥሮ በንጉሡ ደጅ አደረ። ዳዊትም የሞቱን ትእዛዝ ጽፎ በራሱ በኦርዮ እጅ ወደ ኢዮአብ ላከ። ያ የታመነ ወታደር የገዛ ሞቱን በእጁ ይዞ ሄደ፤ ውጊያው በበረታበት ስፍራም ወደቀ።

ከዚህ በኋላ የከሰሰ ሰው እንደ ነበረ አልተጻፈም። ምስጢሩን የሚያውቀው ኢዮአብ ነገሩን አላወጣውም፤ ዳዊትም ዝም አለ። ናታን በመጣ ጊዜ ሕፃኑ ተወልዶ ነበርና የንጉሡ ዝምታ ብዙ ወራት የቆየ መሆኑን እናስተውላለን። በነዚያ ወራት ሁሉ የሕዝቡ ዳኛ እርሱ ራሱ ነበር። በ31ኛው መዝሙር ኀጢአቱን ሸሽጎ ዝም ያለ ሰው አጥንቱ እንደሚያረጅ፣ የእግዚአብሔርም እጅ ሌሊትና ቀን እንደሚከብድበት ተነግሯል። ይህ ክብደት የቅጣት ምልክት ብቻ አይደለም፤ የምሕረት መጀመሪያም ነው እንጂ። ፈጽሞ የተተወ ሰው ኀጢአቱ አይከብደውምና።

ናታን ወደ ንጉሡ በገባ ጊዜ ክሱን በቀጥታ አላወጣውም፤ በግ ጠባቂ ለነበረው ንጉሥ የበግ ነገር አመጣለት። ብዙ መንጋ ያለው ባለጠጋ፣ አንድ ድኻ እንደ ልጁ አድርጎ ያሳደጋትን አንዲት በግ ወስዶ ለእንግዳው እንዳረዳት ነገረው። ዳዊትም ተቈጥቶ ያ ሰው ሞት እንደሚገባው፣ የበጊቱንም ዋጋ እጥፍ ድርብ አድርጎ እንዲከፍል ፈረደ። ያን ጊዜ ነቢዩ የተፈረደበት ሰው ሌላ ሳይሆን ንጉሡ ራሱ መሆኑን ገለጠለት። እንግዲህ በዳዊት ላይ አስቀድሞ የፈረደው የራሱ አፍ ነው። የፍርድ ሚዛን ከእጁ አልወደቀም ነበር፤ ሌላውን ብቻ የሚመዝንበት ሆኖ ነበር እንጂ። የነቢዩ ሥራ አዲስ ሕግ ማምጣት ሳይሆን ያንኑ ሚዛን ወደ ባለቤቱ መመለስ ነበር። ንስሐ የሚጀምረው ከዚህ ላይ ነው።

በደልሁ ብሎ መናገር ብቻውን ግን ንስሐ አይደለም። ከዳዊት በፊት የነገሠው ሳኦልም ይህንኑ ቃል ተናግሯል። በመጀመሪያው መጽሐፈ ሳሙኤል በ15ኛው ምዕራፍ እንደ ተጻፈው፣ ሳኦል በአማሌቅ ነገር ትእዛዝ ባፈረሰ ጊዜ አስቀድሞ ጥፋቱን በሕዝቡ ላይ አላከከ፤ ቀጥሎ በደሌን አምናለሁ አለ፤ ወዲያውም ነቢዩ ሳሙኤል በሽማግሌዎች ፊት እንዲያከብረው ለመነ። ዳዊት ግን ምክንያት አልደረደረም፤ በቤርሳቤህም በኢዮአብም አላሳበበም፤ ክብሩ እንዲጠበቅለትም አልጠየቀም። ሁለቱ ነገሥታት በአፋቸው አንድ ቃል ተናገሩ። አንዱ ከኀጢአቱ ይልቅ ኀፍረቱን ፈራ፤ ሁለተኛው ኀፍረቱን ተቀብሎ ኀጢአቱን ጠላ።

ወደ 50ኛው መዝሙር እንመለስ። ዳዊት በዚህ ጸሎት ምሕረትን ሲለምን ፍርዱ ይቅርልኝ፣ ነገሩ ቀላል ነው አይልም። እግዚአብሔር በቃሉ እውነተኛ፣ በፍርዱም ረቺ እንዲሆን አስቀድሞ ይመሰክራል፤ ሐዋርያው ቅዱስ ጳውሎስም ወደ ሮሜ ሰዎች በላከው መልእክት በ3ኛው ምዕራፍ ይህንኑ ምስክርነት ጠቅሶታል። ተከሳሹ ለዳኛው መሰከረ ማለት ነው። ልማዳችን ራሳችንን በዳኛው ላይ መሟገቻ ማድረግ ነው፤ ዳዊት ግን ከራሱ ተለይቶ ከእግዚአብሔር ጋር በራሱ ላይ ቆመ። የ7ኛው መዝሙር ምስጢርም በዚህ ይፈታል። በዚያ መዝሙር ፍርድን ሲጠራ፣ እርሱ ራሱ ክፉ አድርጎ ከተገኘ ጠላት ነፍሱን እንዲረግጣት በራሱ ላይ ፈርዶ ነበርና። ስለዚህ አድላዊ አልነበረም። ለሌላው የጠራው ፍርድ ወደ ራሱ በመጣ ጊዜ በሩን አልዘጋበትም።

ነገር ግን በዚሁ መዝሙር ውስጥ ብዙዎችን የሚያስጨንቅ ቃል አለ። ዳዊት በደሉን በእግዚአብሔር ላይ ብቻ የተደረገ አድርጎ ይናዘዛል። ኦርዮስ ወዴት ሄደ? ሚስቱን የተቀማው፣ ደሙ የፈሰሰው እርሱ አይደለምን? ይህን ቃል፣ ከእግዚአብሔር ጋር ከታረቅሁ ከሰው ጋር ጉዳይ የለኝም ማለት አድርጎ የሚተረጕም ሰው ቢኖር እጅግ ተሳስቷል። ኦርዮ ሞቷል፤ ከመቃብር ተነሥቶ በአደባባይ መክሰስ አይችልም። ንጉሡንም የሚከስበት ሌላ ችሎት በምድር አልነበረም። ከሳሽ ያጣ ደም ግን ባለቤት አላጣም። 9ኛው መዝሙር የደምን በቀል የሚፈልግ አምላክ የችግረኞችን ጩኸት እንደማይረሳ ያስተምራል። ስለዚህ የኦርዮ ክስ ወደ እግዚአብሔር ተላልፏል። ዳዊት በእግዚአብሔር ላይ ብቻ በደልሁ ማለቱ ኦርዮን መርሳቱ ሳይሆን፣ በኦርዮ ላይ የተደረገው ሁሉ በፈጣሪው ላይ እንደ ተደረገ ማመኑ ነው። ሰውን መበደል ትንሽ ነገር የሚመስለው ሰው ሆይ፣ ባለ ዕዳህ ማን እንደ ሆነ አስተውል።

ኦርዮም ከመዝሙሩ ፈጽሞ አልጠፋም። ንጉሡ ወደ መጨረሻው ከደም ዕዳ እንዲያድነው ይለምናልና፤ ያ ደም የማን እንደ ሆነ ለሚያስተውል ግልጥ ነው። በዚያው አጠገብ እግዚአብሔር የእንስሳ መሥዋዕት ቢወድድ ኖሮ ያቀርብለት እንደ ነበረ ይናገራል። ይህም ያለ ምክንያት አልተባለም። በኦሪት ዘኍልቍ በ35ኛው ምዕራፍ እንደ ተደነገገው ሞት ለሚገባው ነፍሰ ገዳይ ሕይወት ቤዛ አይወሰድም ነበር። ብዙ በግ፣ ብዙ ላም ያለው ንጉሥ ለዚህ ኀጢአቱ የሚያርደው አንድ እንስሳ እንኳ አጣ። የቀረው የተሰበረና የተዋረደ ልብ ብቻ ነበር። እንግዲህ የተሰበረ ልብ የሚባለው፣ ገንዘብ ያለው ሰው በቀላሉ የሚያቀርበው ርካሽ መሥዋዕት አይደለም፤ መክፈያ ሁሉ ያለቀበት ሰው የሚያቀርበው የመጨረሻው መሥዋዕት ነው።

እግዚአብሔርም ይቅር አለው፤ ናታን ኀጢአቱ እንደ ራቀለት፣ እንደማይሞትም በዚያው ሰዓት ነገረው። ነገር ግን የተወለደው ሕፃን ሞተ፤ ሰይፍም ከቤቱ እንደማይርቅ ተነገረው። አምኖን በአቤሴሎም ትእዛዝ ተገደለ፤ አቤሴሎምም በአባቱ ላይ ተነሥቶ በኢዮአብ እጅ ወደቀ። ይቅርታ ያገኘ ሰው የዘራውን ፍሬ ሁሉ እንዳያይ ተስፋ አልተሰጠውም። የተሰጠው ተስፋ በመከራው ውስጥ እግዚአብሔር እንዳይለየው ነው። የኦርዮም ስም አልተፋቀም። በሁለተኛው መጽሐፈ ሳሙኤል በ23ኛው ምዕራፍ ከተቈጠሩት 37 ኀያላን መካከል የመጨረሻው ሆኖ ተጽፏል። ወንጌላዊው ማቴዎስም የጌታችንን የትውልድ ሐረግ ሲዘረዝር የሰሎሞንን እናት በኦርዮ ሚስትነትዋ ጠራት። ምሕረት የበዳዩን ኀጢአት ደመሰሰ፤ የተበዳዩን ስም ግን ጠበቀ።

84ኛው መዝሙር ምሕረትና እውነት እንደ ተገናኙ፣ ጽድቅና ሰላምም እንደ ተስማሙ ይናገራል። ይህ መገናኘት ፍጻሜውን ያገኘው በመስቀል ላይ ነው። በዚያ ኀጢአት እንደ ቀላል ነገር አልታለፈም፤ ኀጢአተኛውም አልተጣለም። ለነፍሰ ገዳይ የእንስሳ ቤዛ ያልተገኘለት ዳዊት፣ ከዘሩ በሥጋ የተወለደው ጌታ ቤዛ ሆነለት።

ከዚህ ትምህርት ለእያንዳንዳችን የሚደርሰን ድርሻ አለን። የድኻ አደጉን መሬት ይዞ፣ የሠራተኛውን ደመወዝ አስቀርቶ፣ በሐሰት ምስክርነት የሰው ስም አጥፍቶ፣ ከዚያ በኋላ በጾምና በስግደት ብቻ ነገሩ እንዲያልቅለት የሚሻ ሰው የዳዊትን ንስሐ አላወቀም። ተበዳዩ በሕይወት ሳለ የሚመለሰው ይመለስለት፤ ዘኬዎስ የቀማውን አራት እጥፍ አድርጎ ለመመለስ ቃል በገባበት ቀን መዳን ለቤቱ እንደ ሆነ በሉቃስ ወንጌል በ19ኛው ምዕራፍ እናነባለን። ተበዳዩ የሞተ እንደ ሆነ ደግሞ ዕዳው ሞተ አይባልም፤ ልጆች አሉት፤ ልጅ ባይኖረውም የድኾች አባት እግዚአብሔር አለው።

የንስሐ አባቶችም የናታንን አገልግሎት ያስቡ። ናታን ባለ ዙፋን ነው ብሎ አላለፈውም፤ በቍጣም አላሳፈረውም፤ በጥበብ ወደ ገዛ ፍርዱ መለሰው። በባለጠጋው ፊት ቀኖናው የሚቀል፣ በድኻው ፊት የሚከብድ ከሆነ ሚዛኑ ተሰብሯል። እግዚአብሔር ይፍታህ ከማለት አስቀድሞ፣ የወሰድኸውን መልሰሃልን ብሎ መጠየቅ ጭካኔ አይደለም፤ ለንስሐ ልጅም ለተበደለውም ማዘን ነው።

የተበደላችሁም ሆይ፣ በዳያችሁ ንስሐ ቢገባ ፍርዳችሁ የጠፋ አይምሰላችሁ። ስማችሁ በእርሱ ዘንድ ተጽፏል። በዳዩ በእውነት የተመለሰ እንደ ሆነ እናንተ የምትጮኹትን እውነት እርሱም በገዛ አፉ ይመሰክራል፤ ካልተመለሰ ደግሞ የማይረሳ ዳኛ አለ። እንግዲህ ዳዊቱን በደገምን ቍጥር ሌላውን በምንመዝንበት ሚዛን ራሳችንን እየመዘንን፣ ፍርዱን ሳንሸሽ ምሕረቱን እንለምን። በፍርዱ እውነተኛ፣ በምሕረቱም ባለጠጋ ለሆነ ለእግዚአብሔር ክብርና ምስጋና ይሁን፤ ለዘለዓለሙ፤ አሜን።