አዲስ ግዴታ ለምን ይከብዳል?

ወጣት አንባቢ ሆይ፤ አንድ የመንግሥት ሠራተኛ አዲስ ሥራ ታዝዞ ሲያመነታ ብናይ ፈጥነን ሰነፍ ነው እንላለን። ፍርዱ ቀላል ነው፤ ዳሩ ግን ሁልጊዜ እውነት አይደለም።

በ1960 ዓ.ም. የእርሻ ገቢ ግብር ዐዋጅ ወጣ። ዐሥራት ቀርቶ ገበሬው እንደ ገቢው ይክፈል የሚል ነበርና በወረቀት ላይ ሲነበብ ፍትሕ ያለበት ነው። ገማቾቹ ወደ ጎጃም ሲወርዱ ግን ሞጣና ቢቸና እንቢ አሉ፤ ነገሩም ጠመንጃ እስከ መማዘዝ ደረሰ። ምክንያቱ የገንዘቡ ብዛት ብቻ አልነበረም። በዚያ አገር ርስት ከአቅኚው አባት በትውልድ የሚወርድ ነበር፤ ስለዚህ ገበሬው «ዛሬ ማሳዬን የገመተ ነገ ቀላድ ይጥልበታል፤ ከነገ ወዲያ ይነጥቀኛል» ብሎ ይፈራ ነበር። በ1934 ዓ.ም. ግድም የመጣው የመሬት ግብርም ተቃውሞ ገጥሞት ነበርና ጥርጣሬው የቆየ ነው።

እስቲ አሁን ራስህን በጭቃ ሹሙ ቦታ አድርገህ አስብ። የሰፈሩ ተወላጅ ነው፤ ልጁን ሲድር ድግሱን የሚያግዘው፣ ሰው ሲሞትበት ሬሳ የሚሸከምለት ያው ጎረቤቱ ነው። የቀድሞውን ግብር ሲሰበስብ ሁሉም ልኩን ያውቅ ነበር። ገማቹን ይዘህ ከወንድምህ ማሳ ዳር ቁም ሲባል ግን ሌላ ሰው ሁን መባሉ ነው። ዐዋጁን የጻፈው ባለሥልጣን አዲስ አበባ ተቀምጧል፤ በለቅሶ ቤት ፊቱን የሚያዞርበት የለም።

ነገሩ ያለፈ ዘመን ብቻ እንዳይመስልህ። ከ1990ዎቹ አጋማሽ ጀምሮ በየገጠሩ ቀበሌ የተመደቡት የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኞች መጀመሪያ የተማሩት በይበልጥ መከላከልን ነበር፤ ኋላ የሕፃናትን ሳንባ ምች ማከምም ተጨመረባቸው። ሥራው መልካም ነው። ነገር ግን አንድ ቀን ያው አንድ ቀን ነው፤ መንገዱም ያው በእግር የሚሄዱት ዳገት ነው።

ይህን ስል ጭቃ ሹሙን ፈጽሞ ነጻ ማውጣቴ አይደለም። ሕዝቡ የፈራውን ነገር እያወቀ ለአለቃው «እሺ ጌታዬ» ብሎ መመለስ፣ ለጎረቤቱም ለሾመውም አይበጅም። ዳሩ ግን ያልተሳካን ነገር የሚያወራ የበታች እንደ አመፀኛ በሚቈጠርበት ቤት፣ ዝምታውን ያስተማረው ማን ነው?

በዚያው በ1960 ዓ.ም. የጎጃም ገዥ ደጃዝማች ፀሐዩ ዕንቈ ሥላሴ ከሥልጣን ተነሡ፤ የግብሩም ውዝፍ ኋላ ተሰረዘ። የሞቱት ግን አልተመለሱም። ገበሬው የፈራው ምን እንደ ነበረ፣ ጥይት ከመተኮሱ በፊት በጭቃ ሹሙ ቤት ሳይታወቅ አልቀረም።