ጣትና ድምፅ

ከመስኮቱ ሥር ባለው ዴስክ ሦስት ሆነው ከሚቀመጡት ልጆች አንዷ ነበረች፤ የሁለተኛ ክፍል ተማሪ። «ማን ፊደል ይቆጥርልናል?» ስል ከሁሉም ቀድማ እጇን ታወጣለች። ግድግዳው ላይ ወደተሰቀለው ገበታ ሄዳ በስንጥር እየጠቆመች «ሀ፣ ሁ፣ ሂ፣ ሃ» ስትል ዜማዋ አይሰበርም፤ እስከ «ፖ» ድረስ አንድ ትንፋሽ ይመስል ትወርደዋለች። ክፍሉ ያጨበጭባል። እኔም አጨበጭባለሁ። 68 ልጆች ያሉበትን ክፍል የያዘ አስተማሪ አንዷ እንዲህ ስትቆጥርለት ደስታውን መደበቅ አይችልም።

አንድ ቀን ግን ጆሮዬን ትቼ ዓይኔን ስንጥሯ ላይ ጣልኩ። ድምፅዋ «ሊ» ላይ ነበር፤ ስንጥሯ «ሖ»ን አልፋ ሄዳለች። ዝም ብዬ ተከተልኳት። ድምፅዋ «መ» ሲደርስ ስንጥሯ ወደ ገበታው ወገብ ወርዳለች። ድምፅና ጣት በአንድ ጎዳና አብረው እንደሚሄዱ ሳምን የኖርኩ ሰው፣ ለካ በየፊናቸው ነበር የሚጓዙት። ከመሀል «ቱ»ን ነጥዬ «ይቺ ማን ናት?» አልኳት። ፊቴን አየች፤ ገበታውን አየች፤ ከዚያ ከንፈሯን ብቻ እያንቀሳቀሰች ከ«ሀ» መቁጠር ጀመረች።

ሁለተኛ ዲግሪ ልማር ብዬ የተነሣሁት ያን ቀን ያየሁትን ነገር ምን እንደሚሉት ለማወቅ ይመስለኛል። በክረምት መርሐ ግብር ገብቼ ትኩረቴን የንባብ ትምህርትና የክፍል ውስጥ ቴክኖሎጂ አደረግሁ።

የክረምት ተማሪ ኑሮ ለብቻው ወግ ነው። በሠፈሩ «ጋሼ» እየተባለ የሚከበር፣ ልጆቹን ለወግ ለማዕረግ ያበቃ ሰው፣ በዩኒቨርሲቲው ዶርም ከተደራራቢው አልጋ ላይኛው ላይ እየተንጠላጠለ ሲወርድ ታያለህ። ዝናቡ ቆርቆሮውን ሲደበድበው የመምህሩ ድምፅ ይጠፋል። መብራት ሲመጣ ሁሉም ወደ ሶኬቱ ይሮጣል። በዚያ መሀል የሚነበበው ግን ብርቱ ነገር ነው። ሜሪያን ዎልፍ የተባሉት የንባብ ተመራማሪ፣ ሰው ሲወለድ የማንበብ ችሎታ ይዞ እንደማይመጣ፣ አንጎል ለማየትና ለመናገር የተሠሩትን ክፍሎቹን አገናኝቶ በእያንዳንዱ ልጅ ላይ ንባብን እንደ አዲስ እንደሚሠራ ይነግሩናል። ይህን ሳነብ ልጅቷ ትዝ አለችኝ። ዓይኗም ምላሷም ደኅና ነበሩ። ድልድዩ ነው ያልተሠራው።

ብቻዋንም አልነበረችም። በ2002 ዓ.ም. በአገራችን በተካሄደው የመጀመሪያ ክፍሎች የንባብ ምዘና፣ ከሁለተኛ ክፍል ተማሪዎች 34 በመቶ ያህሉ ከቀረበላቸው ምንባብ አንድ ቃል እንኳ ማንበብ አልቻሉም። ሒሳቡን በእኔ ክፍል መታሁት፤ 23 ልጅ መጣ። ከዚያ በኋላ ከ68ቱ ጭብጨባ ውስጥ የ23ቱን መለየት የማልችል ሰው መሆኔ እንቅልፍ ነሣኝ።

ለመመረቂያ ጽሑፌ ያሰብኩት ነገር በጊዜው ብልህነት ይመስለኝ ነበር። ፊደሏ ስትነካ ስሟን የምትናገር፣ ሥዕል የምታሳይ፣ ትክክል ሲሆን የምታጨበጭብ የታብሌት መተግበሪያ ሠርቶ መሞከር። ንድፈ ጥናቱን 14 ገጽ አድርጌ ለአማካሪዬ ሰጠኋቸው። በሳምንቱ ሲመለስልኝ የተጻፈበት ሁለት ቃል ብቻ ነው፤ በቀይ እስክሪብቶ፣ በኅዳጉ ላይ፦ «ማን ይሰማል?»

ያ ጥያቄ ወደ ኋላ ወሰደኝ። በ1997 ዓ.ም. የፕላዝማ ቴሌቪዥን ወደየሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤቱ ሲገባ የዘጠነኛ ክፍል ተማሪ ነበርኩ። ትምህርቱ በሳተላይት ይመጣል፤ በእንግሊዝኛ ይነገራል። መምህራችን መግቢያውን ተናግረው ወደ ጥግ ይቆማሉ፤ ከዚያ ወዲያ ክፍሉ የፕላዝማው ነው። «ይህን ሥሩ» ይላል፤ ብዕራችንን ሳናነሣ «መልሱ ይኸውና» ብሎ ያልፋል። ባይገባንም አይጠብቀንም፤ ቢገባንም አያውቅልንም። ጎበዝ አስተማሪ ሊሆን ይችላል፤ አፍ ብቻ እንጂ ጆሮ አልነበረውም። እኔም በ14 ገጽ ያቀረብኩት ትንሿን ፕላዝማ ኖሯል።

ፈረንጆቹም በእኛው ምድር ይህን ሞክረውታል። ኒኮላስ ኔግሮፖንቴ የመሠረቱት «ለእያንዳንዱ ልጅ አንድ ላፕቶፕ» የተባለው ድርጅት፣ በ2004 ዓ.ም. በወንጪና በወለንጪቲ አካባቢ ባሉ ሁለት መንደሮች ትምህርት ቤት ላልገቡ ልጆች በፀሐይ ኃይል የሚሞሉ ታብሌቶች ሰጠ። አስተማሪ አልተመደበም። ኔግሮፖንቴ እንደተናገሩት ልጆቹ ማብሪያውን ወዲያው አገኙ፤ በሁለት ሳምንት የእንግሊዝኛውን የፊደል ዘፈን ይዘፍኑ ነበር፤ በወራት ውስጥ ተዘግቶ የተሰጣቸውን ካሜራ ራሳቸው ከፈቱት። የልጆቹ ብልሃት ያስደንቃል፤ ማንም ሊክደው አይገባም። እኔን የያዘኝ ግን «ይዘፍኑ ነበር» የሚለው ቃል ነው። ከመስኮቱ ሥር ያለችው ልጅም ትዘፍን ነበርና።

ከዕለታት አንድ ቀን ስለ ዓለም የጽሕፈት ሥርዓቶች የሚያወራ የእንግሊዝኛ ጽሑፍ ሳነብ፣ ከገጹ መሀል የልጅነት ዘመዴን አገኘሁ፦ «አቡጊዳ»። ፒተር ዳንኤልስ የተባሉ ምሁር እንደ እኛ ፊደል ተነባቢውንና አናባቢውን በአንድ ምልክት አዋሕደው የሚጽፉትን ሥርዓቶች ለመጥራት፣ በፈረንጆቹ 1990 ቃሉን ከእኛ ወስደው የሙያ ስም አድርገውታል። ዛሬ የህንዱ ዴቫናጋሪም በዚህ ስም ይጠራል። ዶርሙ ውስጥ ብቻዬን ሳቅሁ። አቡጊዳን የማውቀው በአምስት ዓመቴ፣ ከየኔታ እግር ሥር፣ አፈር ላይ ተቀምጬ ነውና።

ሳቄ ሲበርድ ግን ጥያቄ መጣ። ልጅ «ሀ ሁ»ን 33 ረድፍ በ7፣ 231 ፊደል አድርጎ ከቆጠረ በኋላ፣ የኔታ ለምን ያንኑ ፊደል በሌላ መልክ እንደገና ያስቆጥሩታል? «አ ቡ ጊ ዳ ሄ ው ዞ» በአንድ ረድፍ ሰባት ልዩ ልዩ ቤት ያስረግጥሃል፤ እያንዳንዱም በየራሱ ድምፅ፣ ከግዕዝ እስከ ሳብዕ። በ«ሀ ሁ» የለመድከው ዜማ እዚህ አያሻግርህም። ለእኔ እንደሚገባኝ አቡጊዳ የተሠራው ለዚያች ልጅ ነው። ልጅ ዜማውን ሸምድዶ ፊደሉን ሊዘል እንደሚችል የቀደሙት መምህራን ደርሰውበታል፤ ስለዚህ መንገዱን አዟዟሩበት። ከዚያም መልእክተ ዮሐንስን፣ ከዚያም ዳዊትን ያስይዙታል። ደግሞም የኔታ ተማሪውን አንድ በአንድ ነበር የሚሰሙት። ዓይናቸው የተከደነ ይመስላል፤ ስንጥርህ ከድምፅህ በቀደመች ጊዜ ግን «ተመለስ!» ይሉሃል። በዚያ ሥርዓት የማይናፍቀኝ ነገር አለ፤ አለንጋው አይናፍቀኝም፣ ትርጉሙ ሳይነገረን ያነበነብነው ግዕዝም አይናፍቀኝም። ያ ጆሮ ግን ይናፍቀኛል።

ንባባችን ጆሮ የሚፈልግበት ሌላም ምክንያት አለው። ፊደላችን ማጥበቅና ማላላትን አይጽፍም። «ገና» ላልታ ስትነበብ ጊዜው አለመድረሱን ትናገራለች፤ ጠብቃ ስትነበብ የልደት በዓል ናት። ልጁ የትኛዋን እንዳነበበ ገበታው አያሳይህም፤ ድምፁ ነው የሚነግርህ። ድምፁ ጠብቆ ወይም ላልቶ ሲወጣ ልጁ ዓረፍተ ነገሩ ገብቶታል ወይስ ፊደሎቹን ብቻ እየለቀመ ነው የሚለውን ታውቃለህ። በእኛ ቋንቋ መስማት ማለት ግማሽ ምዘና ነው።

እንግዲህ እንዴት ልስማ? የአንድ ክፍለ ጊዜ 40 ደቂቃ ለ68 ቢካፈል ለአንድ ልጅ 35 ሴኮንድ ነው፤ ያውም እኔ አንዲት ቃል ሳልተነፍስ። የኔታ ደጅ 68 ልጅ አልነበረም። መተግበሪያውን ተውኩትና ኪሴ ውስጥ የነበረውን ስልክ አወጣሁ። በውስጡ ማንም የማያከብረው አንድ ነገር አለ፤ ድምፅ መቅጃ። በዚያ ዓመት ከልጆቼ ጋር ወደ ሦስተኛ ክፍል አልፌ ነበር። በዕረፍት ሰዓት በቀን 14 ልጅ፣ እያንዳንዱ አንድ ደቂቃ፤ በሳምንት ሁሉም ይዳረሳሉ። ማታ ቤቴ ተቀምጬ እሰማለሁ። በማስታወሻ ደብተሬ ላይ የት እንደቆሙ፣ የት እንደዘለሉ፣ የትኛውን አላልተው የትኛውን እንዳጠበቁ እጽፋለሁ። ቴክኖሎጂ ከተባለ ቴክኖሎጂዬ ይኸው ነው። ልጆቹን አላስተማረልኝም፤ የአንድ ሰው ጆሮ ለ68 እንዲበቃ ጊዜውን አረዘመልኝ።

አንድ ማታ ስሰማ እናቴ ምስር እየለቀመች አጠገቤ ነበረች። እናቴ የመሠረተ ትምህርት ተማሪ ናት። በ1971 ዓ.ም. ዘመቻው ሲታወጅ፣ በ15 የአገሪቱ ቋንቋዎች ሕዝቡ ማንበብና መጻፍ ሲማር፣ እሷም ከሥራ መልስ በቀበሌው አዳራሽ በኩራዝ ፊደል ቆጥራለች። የምስክር ወረቀቷ እስከ ዛሬ ሳጥኗ ውስጥ አለ። ከስልኩ የዚያች ልጅ ድምፅ ሲወጣ፣ እንደ ወትሮው ጥርት ብሎ፣ እናቴ እጇን ከሰፌዱ ሳታነሣ «ይቺ ልጅ አታነብም፤ ትዘፍናለች» አለች።

«በምን አወቅሽ? ገጹን እንኳ አላየሽው።»

«አትደናቀፍማ! የሚያነብ ሰው ይደናቀፋል፣ ልጄ። እኔን ያስተማረኝ የዘመቻው ልጅ ጣቴን ይዞ ፊደሏ ላይ ያስቆመኝ ነበር። ካልቆምኩ አያሳልፈኝም።»

ክረምቱን ሙሉ የተማርኩትን እናቴ በሰፌድ ፊት ጨረሰችው። እኔ ስንት ጊዜ አቀላጥፎ የሚለውን «ጎበዝ» ብዬ የሚደናቀፈውን «ተቀመጥ» ብዬ ይሆን? የሚደናቀፈው ልጅ እኮ ድልድዩን እየሠራ ነው። እያንዳንዷ መደናቀፍ አንድ ድንጋይ ናት። መሣሪያዎቻችንም የኛኑ አመል ነው የወረሱት፤ ፈጣኑን ያሞግሳሉ፣ ላልዘገየ ያጨበጭባሉ።

በማግስቱ ልጅቷን በዕረፍት ሰዓት አስቀረኋት። መጽሐፉን ዴስኩ ላይ ዘረጋሁላት፤ ስንጥር ሰጠኋት፤ የራሷን ድምፅ ከፈትኩላት። የራሷ ድምፅ ከስልክ ሲወጣ መጀመሪያ አፏን በእጇ ሸፍና ሳቀች። ደግሜ ከፈትኩት። ሦስተኛ ጊዜ ሲጀምር ግን ሳቁ ቀርቶ ስንጥሯ መስመሩን ትከተል ጀመር፤ በቃል ላይ ቃል፣ ቀስ ብላ። ድምፁ ሁለት ቃል ዘሎ ሄደ። ስንጥሯ ቆመች።

«ቲቸር» አለች፣ ስለ ሌላ ሰው የምታወራ ይመስል፣ «እዚህ ጋ ዘላለች!»

ስልኩን አጠፋሁት። «እስኪ አንቺ ከዚያ ጀምሪ» አልኳት።

ጀመረች። ዜማ አልነበረውም። አንዷን ፊደል ይዛ ቆየች፣ ተመለሰች፣ አላላቻት፣ ሳይጥማት ቀረና አጠበቀቻት። ደወል ተደወለ፤ ጓደኞቿ እየተንጫጩ ገቡ። ማንም አላጨበጨበላትም። ስንጥሯ ግን ከፊደሏ ላይ አልተነሣችም።