የጥንት መልክ ያለው ቢላዋ ለሚሠራ ልጄ

ልጄ ሆይ፣ የጥንት መልክ ያለው የአደን ቢላዋ ልትሠራ መነሣትህን ሰምቼ ደስ ብሎኛል። አንድ ነገር ግን ያዝልኝ፤ ስለቱ ይቅደም፣ መልኩ ይከተል።

ከብረቱ ጀምር። ከደብረ ማርቆስ በፍኖተ ሰላምና በቡሬ አልፎ ባሕር ዳር በሚደርሰው መንገድ ከባድ መኪና ስለሚመላለስ ያረጀ ባሌስትራ ከጋራዥ አታጣም። ባሌስትራ ከመቶ 0.6 ያህል ካርቦን ስላለው ስለት ይይዛል። ስንጥቅ ያየህበትን ጣለው፤ ዓመታት ጭነት ተሸክሟልና። በዚንክ የተለበጠ ብረት ደግሞ እሳት ውስጥ አታግባ፤ ጭሱ ያሳምማል።

ወናፉን እየነፋህ ብረቱ ብርቱካንማ ሲሆን በጉጠት አውጥተህ መስፉ ላይ ቀጥቅጠው። ቀይነቱ ሲደበዝዝ ወደ እሳቱ መልሰው፤ በቀዘቀዘበት ቢመታ ይሰነጠቃል። በሞረድ ስታወጣው ስለቱ ላይ 1 ሚሊ ሜትር ያህል ውፍረት ተውለት፤ ከመጠን በላይ የሳሳ ስለት ሲጠነክር ይጣመማል። ከዚያ ማግኔት እስከማይዘው አግለው፤ ይህ በ770 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ገደማ ነው። ጥቂት ጨምረህ አግለውና ሞቅ ባለ ዘይት ውስጥ ንከረው፤ ቀዝቃዛ ውኃ ሊሰነጥቀው ይችላል። ሞረድ ቢያንሸራትት ጠንክሯል፤ ነገር ግን እንዲሁ ብትተወው እንደ ብርጭቆ ይሰበራል። ስለዚህ በ200 ዲግሪ ገደማ ሁለት ጊዜ፣ በእያንዳንዱ ሁለት ሰዓት ያህል አሙቀው። የወለወልከው ቦታ የገለባ ቀለም ሲያወጣ በቅቶታል።

መልኩ የሚመጣው ከዚህ በኋላ ነው። በጀርባው በኩል ያለውን የመዶሻ ዱካ አታጥፋ። በሎሚ ጭማቂ ወይም በኮምጣጤ አሸው፤ ብረቱ አመድማ ይሆናል። ከዚያ በሶዳ ውኃ እጠበው፣ አድርቀው፣ ዘይት ቀባው። እጀታውን ከበሬ ቀንድ ወይም ከወይራ አድርግለት፣ በነሐስ ምስማር አጥብቀው። ቀድሞ የጎራዴ እጀታ ከአውራሪስ ቀንድ ይሠራ ነበር፤ ዛሬ አውራሪስም ዝሆንም በሕግ የተጠበቁ ናቸውና የአንዱን ቀንድ፣ የሌላውን ጥርስ አትንካ። የዱር እንስሳ አደንም ያለ ፈቃድ አይደረግም። ቢላዋህ ለበዓል የበግ ቆዳ ቢገፍፍ ክብሩ አይጎድልም። የቆዳ አፎት ስፋለት፤ ሳይነካ የሚቀመጥ ከሆነ ግን ከአፎቱ አውጣው፤ ቆዳ እርጥበት ይዞ ያዝገዋል።

ዋናው ምክሬ ይኸውልህ። የጥንት መልክ ሰጥተኸው የጥንት ነው ብለህ አትሽጥ። ገዢውን ማታለል ነው፤ እውነተኛ ቅርስንም ማርከስ ነው። በአዋጅ ቁጥር 209/1992 ቅርስ ያለ ፈቃድ ከአገር አይወጣም፤ ያንተን ቢላዋ ቅርስ ነው ብሎ የገዛህ መንገደኛም በውሸትህ ይንገላታል።

ገበሬ ማረሻውን የሚያገኘው ከቀጥቃጭ ነው። ይህ ሆኖ ሳለ ቀጥቃጩ ለዘመናት ተንቆ ኖሯል። ዐፄ ምኒልክ በ1900 ዓ.ም. ባለ እጅ እንዳይሰደብ አዋጅ ያስነገሩት ለዚህ ነበር። ከአንተ የቀደሙት በሥራቸው እንዲኮሩ አልተፈቀደላቸውም፤ ለአንተ ግን መንገዱ ክፍት ነው። ስለዚህ ከእጀታው ሥር ስምህንና የሠራህበትን ዓመት ቅረጽ። በስምህ የምትቆምለትን ቢላዋ ብቻ ለገበያ አውጣ።