ጥላ የማን ነው?

በቆላው አገራችን በራያ ቆቦ ፀሐይ በበረታች ጊዜ መንገደኛ ሁሉ ወደ ዛፍ ጥላ ይጠጋል። ከጥላው ሥር ያረፈውን ሰው «ከወዴት ነህ?» ብሎ የሚጠይቀው ይገኛል እንጂ «ምን ከፈልህ?» የሚለው አይገኝም። ስለዚህ ወደ አዲስ አበባ ወጥቼ የከተማይቱን የአትክልት ሥፍራዎች በጎበኘሁ ጊዜ፣ ጥላ የማን ገንዘብ ነው? የሚል ጥያቄ በልቤ ተነሣ።

አስቀድሜ ያየሁት የአንድነት ፓርክን ነው። ይህ ሥፍራ ዳግማዊ ምኒልክ ቤተ መንግሥታቸውን የሠሩበት ግቢ ሲሆን፣ ለግብር የተጠራ ወይም ጉዳይ ያለው ካልሆነ በቀር ማንም እንደ ልቡ አይመላለስበትም ነበር። በመስከረም 2012 ዓ.ም. ግን በሩ ለጎብኚ ተከፈተ። አባቶቻችን በሩቅ እጅ የነሡትን አዳራሽ የገበሬ ልጅ ገብቶ ሲመለከተው ማየት ደስ ያሰኛል። ከዚያም በ2013 ዓ.ም. ወደ ተከፈተው ወደ እንጦጦ ፓርክ ወጣሁ። ተራራው በባሕር ዛፍ ተሸፍኗል፤ ይህም ዛፍ በምኒልክ ዘመን ከባሕር ማዶ መምጣቱ የከተማይቱ ማገዶና ማገር አገር በቀሉን ደን ስለ ጨረሰው ነው። እንግዲህ ዛሬ የምንንሸራሸርበት ጥላ፣ ትናንት በመጥረቢያ ለሠራነው በደል የተከፈለ ካሣ ነው።

ነገር ግን ስሙን በማልጠራው በአንድ የአትክልት ሥፍራ በር ላይ አንዲት እናት ልጅዋን ይዛ ቆማ አየሁ። የመግቢያውን ዋጋ ጠየቀች፤ በመቀነትዋ የቋጠረችውን ፈትታ ቈጠረች፤ ዝም ብላም ተመለሰች። ልጁ ግን በብረቱ አጥር መካከል ወደ አበባው ዘወር እያለ ያይ ነበር።

ይህን ለአንድ ወዳጄ ብነግረው፣ «ያለ ገንዘብ ማን ያጠጣዋል? ማንስ ይጠብቀዋል?» አለኝ። ነገሩ እውነት አለበት። እኛ በቆላው ዋጋ የማንጠይቅበትን ግራር ከሰል አድርገን ሸጠነዋል፤ የሁሉ ስለ ሆነ ሁሉ ቈረጠው፣ የሚተክለው ግን ጥቂት ሆነ። እንግዲያስ ጥላው በነፃ መሆኑ ብቻ ዛፉን አያድነውም፤ ዋጋ መጠየቁም ድኻውን ከጥላው ያስወጣዋል።

ሦስተኛውን መንገድ ግን አናጣውም። በዐማራ አገር እርሻ ደኑን ሁሉ በጨረሰበት ሥፍራ፣ ወይራውና ጥዱ በቤተ ክርስቲያን ዙሪያ ቆሞ ይታያል። በዚያ ደጅ ድኻውም ባለጠጋውም እኩል ይጠለላል፤ ሆኖም ሁሉ ይገባል ማለት ሁሉ ይቈርጣል ማለት አልሆነም። አዳምም በገነት የተቀመጠው ፍሬ በላተኛ ብቻ ሳይሆን ሠራተኛና ጠባቂ እንዲሆን ነበር።

ስለዚህ ጥላ ለገበያ የቀረበ ዕቃ አይደለም፤ ባለቤት የሌለው ወዳቂም አይደለም፤ አደራ ነው። የአደራም ዋጋው ጥበቃ ነው። የከተማ ሹማምንት ገንዘብ ያለውን ያስከፍሉ፤ ለሌለው ግን ከሳምንቱ አንድ ቀን በሩን ይክፈቱለት። እኛም የቆቦ ሰዎች በከተማው በር ላይ ከመፍረዳችን በፊት በቈረጥነው ግራር ፈንታ እንትከል፤ ያች እናት ወደ እኛ ብትመጣ የምናስቀምጥበት ጥላ እንዳናጣ።