የጋራ መንገድና የነጻ አገልግሎት

ደመወዝ የማይቀበል መሪ የሌላውን ጉልበት በነጻ ይጠይቅ ዘንድ መብት አለውን?

በአሜሪካ ቤንተን ማካይ የአፓላችያን የእግር ጉዞ መንገድ እንዲቀየስ በ1921 እ.ኤ.አ. ሐሳብ አቀረበ፤ በበጎ ፈቃደኞች ብዙ ድካም በ1937 ከዳር እስከ ዳር ተያያዘ። ዛሬም በአብዛኛው የሚጠግኑት እነርሱው ናቸው።

ፊታችንን ወደ ባሌ እንመልስ። ከጎባ ተነሥቶ ሳነቴን የሚያቋርጠው መንገድ ከ4,000 ሜትር በላይ ወጥቶ ወደ ሃረና ደን ይወርዳል። የባሌ ተራሮች ብሔራዊ ፓርክ በ2023 እ.ኤ.አ. በዓለም ቅርስነት ተመዝግቧል፤ የእንግዶች መሄጃ የሆነውን የእግር መንገድ ግን አስቀድመው የረገጡት ከብታቸውን እንደ ወቅቱ ከደጋ ወደ ደን የሚነዱ እረኞች ናቸው።

በእንዲህ ያለ ስፍራ አስተባባሪው ከሥራ የተረፈውን ቅዳሜ ሲሰጥ፣ የቀን ሠራተኛው የሚሰጠው ከእራቱ ላይ ነው። ስጦታቸው በአንድ ስም ቢጠራም ሚዛኑ አንድ አይደለም፤ የመበለቲቱን ሁለት ሳንቲም የምናስታውስ ሁሉ ይህን አንስተውም።

በደቦ ሥርዓታችን ጠሪው ያበላል፣ ያጠጣል፤ ነገም በተራው ይጠራል። እንግዲያስ መሪው አስቀድሞ ዶማውን ይያዝ፤ ሒሳቡን በግልጽ ያሳይ፤ ከመንገዱ የሚገኘው ጥቅም ለቆፈረው እጅ መድረሱን ይከታተል። እንዲህ ካልሆነ በጎ ፈቃድ ያልነው ሁሉ በሰው ላብ መመስገን ይሆንብናል።